የዴልፊና ገጽ

ዋይያፓታ፣ መጋቢት 6

እቴ ዴልፊና፣

እንደምን አለሽልኝ? እኛ ጭቃው እስከ ጉልበት ቢደርስም ደህና ነን። ድንቹ አልበሰበሰም። አህያዋ ግን ሞታለች፤ ይህን አስቀድሜ የምነግርሽ የቀረው ወሬ ደስ የሚል ስለሆነ ነው።

አዎ፣ ታብሌቱ ሳይሰበር ደርሷል። ሹፌሩ ማክሲሞ ከሊማ እስከዚህ ድረስ በብርድ ልብስ ጠቅልሎ እንደ አራስ ልጅ ሲጠብቀው መጣ። እስክሪብቶውም አለ። አባዬ ተቆጣ ወይ ላልሽኝ፣ መጀመሪያ ላይ ተቆጥቶ ነበር። «ሠላሳ አንድ ዓመት የመንደሩ ጸሐፊ ሆኜ ኖሬ ኖሬ፣ አሁን በስተርጅና እንደ ዶሮ ፊደል ልልቀም?» አለኝ። ፊደል መልቀም እንደሌለበት፣ እንደ ልማዱ በእጁ እንደሚጽፍ፣ ገጹ ሲሞላ ከታች ያለችውን ምልክት ቢነካት የእጅ ጽሑፉ ወደ ታተመ ፊደል እንደሚለወጥ አሳየሁት። መነጽሩን ጠራረገና «ሳቢኖ ፓሎሚኖ፣ ጸሐፊ» ብሎ በዚያ በምታውቂው ጅራታም ፊደሉ ጻፈ። ከዚያ ምልክቷን ነካት።

ታብሌቱን ወደ ዓይኑ አስጠጋው። «እጄ የት ሄደ?» አለኝ።

«ተለወጠ አባዬ። አሁን እንደ ጋዜጣ ነው።»

«እንግዲያ የጎረቤታችን የኒካኖር የእጅ ጭረትም እዚህ ውስጥ ቢገባ ከእኔ እኩል ያምራል በለኛ! ታዲያ ማን እንደጻፈው በምን ይታወቃል?»

ሳቅን፤ እሱም ሳቀ። ከዚያ ወዲህ ግን እስክሪብቶውን ከእጁ ማስለቀቅ አልተቻለም። ይህን የምጽፍልሽ ከብቶቹን ሊያይ ሲወጣ ቀምቼው ነው።

የድሮዎቹን መዝገቦች ፎቶ ብታነሷቸውስ ላልሽው፣ ሞክረናል። የድሮው ቀለም ሻይ መስሏል፤ ፎቶው ላይ የሚታየው እድፍ ብቻ ነው። አባዬ ግን መዝገቡን ወደ ፀሐይ አዘንብሎ ያነበዋል። ሌላ ማንም አይችልም። ስለዚህ ሦስቱንም የቃለ ጉባኤ መዝገቦች እያነበበ ራሱ ይገለብጣቸዋል። እኔ የተለወጠውን እየሰበሰብኩ እሑድ እሑድ መስቀሉ ያለበት ኮረብታ ላይ ወጥቼ፣ ኔትወርክ ሲገኝ እልክልሻለሁ።

ወንድምሽ ኤሎይ


ሊማ፣ ሚያዝያ 2

ወንድሜ ኤሎይ፣

ስለ አህያዋ አዘንኩ። ለፋሲካ እመጣለሁ ብዬ ስላልመጣሁም ይቅር በሉኝ። የስፌት ቤቱ የብርድ ጃኬት ትእዛዝ ተቀብሎ ቀኑን ሙሉ ዚፕ ነው የምሰፋው። በሕልሜ የማየውም ዚፕ ነው። አባዬ እንዳይቀየመኝ አንተ በደንብ አድርገህ አስረዳው፤ ምላስ አልቸገረህም።

ጉዳዩ ከምን ደረሰ ላልከኝ፣ ወጣቱ ባሪዮላ ክሱን አልተወም። ምንጩ የአያቴ ርስት ነው፣ አጥሬ ዓሣ አረባበታለሁ ይላል። አያቱ በ1951 በጉባኤ ፊት ፈርሞ ምንጩን ለመንደሩ እንደለቀቀ ከእኛ ወገን የማያውቅ የለም። ዳኛ ግን «ሁላችን እናውቃለን» የሚል ማስረጃ አይቀበልም። ጠበቃችን ዶክተራ ኢርማ ስለ ምንጩ በየስብሰባው የተጻፈውን ሁሉ ማንበብ ትፈልጋለች። የድሮውን እጅ ጽሑፍ ማንበብ ስለማትችል ነው በታተመ ፊደል ይሁንልኝ ያለችው። ጎበዝ ሴት ናት፤ ሳንቲም አልጠየቀችንም። ምንጩ ከሄደ ዋይያፓታ የሚባል መንደር እንደማይኖር አንዴ ነግሬያት ገብቷታል።

እኔን የሚያስፈራኝ የአባዬ ደረት ነው። መስመር ከመስመር እያመሳከረ፣ መዝገቡን እንደ ልጅ እያቀፈ ራሱን ሊገድል ነው። ተወው በለው። አንዴ ታብሌቱ ውስጥ ከገባ በኋላ እነዚያ አይጥ የቀመሳቸው መዝገቦች ለማንም አያስፈልጉም። እሱም ይረፍ፣ ሣጥኑም ይረፍ። እንዲያውም ይህን ለጉባኤው አንብብላቸውና ሽማግሌውን አትነዝንዙት በላቸው።

ዴልፊና


ዋይያፓታ፣ ግንቦት 17

እቴ ዴልፊና፣

ቶሎ ስላልጻፍኩ ይቅርታ። የታብሌቱን ባትሪ የምንሞላው ጤና ኬላው ነው፤ የኬላው መብራት ደግሞ እንደ ነርሷ ደስ ሲለው ብቻ ነው የሚመጣው።

ደብዳቤሽን እንዳልሽው ለጉባኤው አነበብኩት። «ሣጥኑም ይረፍ» ያልሽው ላይ ስደርስ ሰው አጨበጨበ። አክስታችን ኤውፌሚያ «የሳቢኖ ልጅ ሊማ ሄዳ ጠበቃ ሆነች» አለች። አባዬ አላጨበጨበም፤ ግን እሱ ለሠርግም አያጨበጭብም።

ትናንት ሦስተኛውን መዝገብ ጨርሷል! አዎ፣ ሁሉንም። የመጨረሻዎቹ ገጾች ላይ እጁ ትንሽ ይንቀጠቀጥ ነበር፤ ማሽኑ ግን እንዲያውም አሳምሮ አወጣለት። እንዴት ነው ጤናው ላልሽኝ፣ ደህና ነው። ትንሽ ጉንፋን ይዞታል፤ ውርጩ ጀምሯል አይደል? ነርሷ አይታዋለች። ልብሽን አታድርቂ።

አንድ ነገር ብቻ አስቸገረኝ። ጠዋት ማታ «የዴልፊናን ገጽ ላክላት?» ይለኛል። ልኬያለሁ እለዋለሁ። ተመልሶ ይጠይቀኛል። የታተሙትን ገጾች በሙሉ ልኬልሻለሁ፤ ሁለት መቶ አሥራ ስድስት ናቸው። ደርሰውሽ ከሆነ በአንድ መስመር ጻፊልኝና አሳየዋለሁ፤ እሱም እፎይ ይላል።

ኤሎይ


ሊማ፣ ሰኔ 21

ኤሎይ፣

ጉንፋን ነው ብለህ ጻፍክልኝ።

ይህን ተናግሬ ልለፈው፤ ሁለተኛ አላነሳውም። ስደርስ የአባዬ ዓይን ተከድኖ ነበር። አንተ ብቻህን አስታመህ እኔን ያስቀረኸኝ ለእኔ አዝነህ እንደሆነ አውቃለሁ። እንዲህ ዓይነቱን ማዘን ከእንግዲህ አልፈልግም።

አሁን የይቅርታ ተራው የእኔ ነው። ከቀብሩ በኋላ በሦስተኛው ቀን ትቻችሁ መምጣት አልነበረብኝም። አለቃዬ ከሦስት ቀን በላይ ከቆየሽ ወንበርሽ ላይ ሌላ ሰው ታገኚያለሽ ብሎኝ ነበር። እኔም ወደ ዚፑ ተመለስኩ። የሙት ልብስ በወንዝ የሚታጠብበት አምስተኛው ቀን እንዴት ሆነ? ባርኔጣውን ማን ወሰደ? ሰው መጣ? ወንዙ አልቀዘቀዘም? ሁሉንም ጻፍልኝ፤ የነበርኩ ያህል እንዲሆንልኝ።

እህትህ


ዋይያፓታ፣ ሰኔ 28

እቴ፣

ሰው ሁሉ መጣ። ከማዶ መንደርም መጥተዋል። ሸሚዞቹን በወንዙ ላይ አጠብናቸው፤ ድንጋዩ ላይ ሰጥተናቸው እስኪደርቁ ድረስ የኮካ ቅጠል አኘክን፣ አክስታችን ኤውፌሚያ ስለ አባዬ ልጅነት እያወራች አሳቀችን። ጥቁሩን ኮት ለእኔ ሰጡኝ፤ ትከሻው ይሰፋኛል። ያረጀውን እንደ ልማዱ አቃጠልን። ባርኔጣውም ከዚያ ጋር ሄደ፤ ጠርዙ ተበልቶ ነበር።

ጉባኤው እኔን ጸሐፊ አድርጎ መርጦኛል። እምቢ ብል ደስ ይለኝ ነበር። አንቺ እህል ቅመሺ።

ኤሎይ


ሊማ፣ ሐምሌ 19

ወንድሜ ኤሎይ፣

ዛሬ በደስታ ነው የምጽፍልህ፤ አባዬ ከሄደ ወዲህ የመጀመሪያዬ ነው።

ዶክተራ ኢርማ አገኘችው! ሁለተኛው መዝገብ፣ ገጽ አርባ አራት። ነሐሴ 1951፤ የባሪዮላ አያት ምንጩንና በዙሪያው ያለውን ሣር ለመንደሩ መልቀቁ ቁልጭ ብሎ ተጽፏል። ከሥሩ የእሱ ፊርማና የአሥራ ሰባት ሰው አሻራ እንዳለ አባዬ ገልብጧል። ኢርማ ወረቀቱን ለወጣቱ ባሪዮላ ስታሳየው ምን እንዳለ ታውቃለህ? «የአያቴን እጅ ከሺህ እጅ መሀል እለየዋለሁ። ፊርማውን አሳዩኝ፣ ክሱን እተወዋለሁ» አለ። በሰው ፊት ነው ያለው። ኢርማ ሰውዬው ክፉ አይደለም፣ ያለውን ያደርጋል ትላለች።

ስለዚህ ሁለተኛውን መዝገብ በማክሲሞ እጅ ላክልኝ። በላስቲክ ጠቅልለው፣ ከድንች ጋር እንዳይጭነው ንገረው። ችሎቱ ጥቅምት 8 አውራጃው ከተማ ነው። በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል ሲል አባዬ ምን ያህል አሰልችቶን ነበር! ይኸው ወረስን።

ዴልፊና


ዋይያፓታ፣ ነሐሴ 4

እቴ ዴልፊና፣

ደብዳቤሽ ደርሶኛል፤ ደግመሽ የላክሽውም ደርሶኛል። ጤናሽ እንዴት ነው? እዚህ ውርጩ በርትቷል፤ ድንቹን በቅዝቃዜ ለማድረቅ ግን መልካም ነው፤ ዘንድሮ ጥሩ ነጭ ይወጣዋል። የኒካኖር ልጅ ልታገባ ነው። የሚያገባት መለከት ነፊ ነው፤ አፍ እንጂ ኪስ የለውም ይላሉ።

መዝገቡን በተመለከተ ማክሲሞ በዚህ ሳምንት አልወረደም፤ መኪናው ተበላሽቷል። የሣጥኑ ቁልፍም የአባዬ ክርስትና አባት ጋ ነው መሰለኝ። ደግሞ ኢርማ የታተመውን ይዛ የለ? ዳኛዋ ማንበብ የምትችለው እሱን አይደለም? እስቲ ጠይቂያት።

ኤሎይ


ሊማ፣ ነሐሴ 23

ኤሎይ፣

የአባዬ ክርስትና አባት እኔ ስምንት ዓመቴ ሳለ ነው የሞተው። ለቅሶው ላይ አንተ ዳቦ ሰርቀህ ተገርፈሃል።

ማክሲሞንም እዚህ ተርሚናል አግኝቼዋለሁ። መኪናው ደህና ነው፤ አንተን ስጠይቀው ግን መሬት መሬት ያያል። አርባ ስድስት ቀን ቀርቶናል። አፈር ስሆን አትዋሸኝ። መዝገቡ አይጥ በልቶት ከሆነ የተረፈውን ላክ፤ ውኃ ገብቶት ከሆነ እርጥቡን ላክ። ሰው ሰርቆት ከሆነ ማን እንደሆነ ንገረኝ፣ እኔ መጥቼ አንቄ አመጣዋለሁ። የት ነው ያለው?

ዴልፊና


ዋይያፓታ፣ መስከረም 5

እቴ ዴልፊና፣

የለም። አቃጥለነዋል።

ሦስቱንም። በአምስተኛው ቀን ወንዙ ዳር። ባርኔጣውንና ጫማውን እሳቱ ላይ ካደረግን በኋላ አክስታችን ኤውፌሚያ «መዝገቦቹስ?» አለች። «ሠላሳ አንድ ዓመት እጁን ያሳረፈባቸው እነሱ ናቸው። ሙት በሕይወት ሳለ የረገጠውን ዱካ ሁሉ እየለቀመ ሲመለስ እዚያ ላይ ይያዛል፤ አንብቦ ሳይጨርስ መች ይሄዳል? ወንድሜን አታንከራትቱት» አለች። ሰው ሁሉ ወደ እኔ ዞረ። አዲሱ ጸሐፊ እኔ ነኛ። አንዱ ሽማግሌ «ማሽኑ ውስጥ ገብተው የለ?» አለ። «አዎ፣ አሉ» አልኩ። ቤት ሄጄ ሣጥኑን በራሴ ትከሻ ተሸክሜ አመጣሁት። ማንም አላስገደደኝም።

ሁለተኛውን መዝገብ የጨመርኩት በገዛ እጄ ነው። ወፍራም ስለሆነ አልነድ ብሎ አስቸግሮ ነበር። በእንጨት ገለጥ ገለጥ እያደረግኩ አየር አስገባሁለት። ምናልባት ያን ጊዜ ገጽ አርባ አራትን አይቼው ይሆናል፤ ሌሊት ሌሊት የማስበው እሱን ነው። ያን ቀን ደግሞ ደስ ብሎኝ ነበር ዴልፊና። አባዬን ያሳረፍኩት መስሎኝ ነበር።

ሐምሌ ላይ ያ የደስታ ደብዳቤሽ ሲመጣ ኮረብታው ላይ ተቀምጬ አነበብኩትና እስኪመሽ ሳልወርድ ቀረሁ። ልነግርሽ ስል ቀን ይገፋል፣ ቀን ሲገፋ ደግሞ ይብስብኛል። ለመንደሩም እስከ ዛሬ አልተናገርኩም። ሁሉም እንደረታን ነው የሚያወራው፤ ለችሎቱ ቀን ጠላ ሊጠምቁ ነው።

ስደቢኝ። ምንም ብትዪኝ አይበዛብኝም።

ኤሎይ


ሊማ፣ መስከረም 13

ኤሎይ፣

አልሰድብህም።

ደብዳቤህን አንብቤ ሦስት ቀን ሳለቅስ፣ አንተን ሳማርር፣ አክስታችንን ሳማርር ቆየሁ። ትናንት ግን ዚፕ እየሰፋሁ እጄ ቆመ። «ለማንም አያስፈልጉም» ብሎ የጻፈልህ ማነው? ለጉባኤው አንብብላቸው ያለህስ? ስልኬን ከፍቼ አየሁት፣ አለ። ሚያዝያ 2። «ሣጥኑም ይረፍ» ይላል።

ዶክተራ ኢርማ እንዲያ ብላ አታውቅም። ለማንበብ ነው በታተመ ፊደል የጠየቀችኝ። የቀረውን ከራሴ ነው የጨመርኩት፤ አባዬ መዝገቡን ጥሎ ቶሎ እንዲተኛ ብዬ ነው።

አንተ ይህንን ሐምሌ ላይ ታውቅ ነበር። «አንቺው ነሽ ያልሽው» ብለህ አንድ መስመር ብትጽፍልኝ ኖሮ ነገሩ ሁሉ ከላይህ ይወርድልህ ነበር። የመዝገቡን መጥፋት ስትናዘዝልኝ እንኳ አላነሳኸውም። አትዋሸኝ እያልኩህ እንኳ አላወጣኸውም።

ለኢርማ ነግሬያታለሁ። የታተመውን ይዘን እንሞክራለን አለች። ድምፅዋ ግን የሚሞክር ሰው ድምፅ አልነበረም። ለመንደሩ ንገራቸው፤ የእኔንም ሳትቀንስ ንገራቸው።

እህትህ


ዋይያፓታ፣ ጥቅምት 14

እቴ ዴልፊና፣

ይህ በወረቀት የመጣልሽ ለምን እንደሆነ ከታች እነግርሻለሁ። እጅ ጽሑፌ ስለማያምር ይቅርታ።

ኢርማ ነግራሽ ይሆናል፤ ግን ከአንተም ልስማው ስላልሽ፣ እንዲህ ነበር። ዳኛዋ ጨዋ ሴት ናት፤ አላዋረደችንም። ኢርማ የታተመውን ወረቀት አቀረበች። ባሪዮላ ተቀብሎ ከላይ እስከ ታች አነበበውና «በጣም ያምራል። ማን ጻፈው?» አለ። «አባቴ» አልኩ። «አባትህ የት አሉ?» አለኝ። ነገርኩት። ራሱን ነቀነቀ፤ «ነፍሳቸውን ይማር» አለ ከልቡ። ከዚያ ለዳኛዋ «ይህንን እኔም ዛሬ ጠዋት ጽፌ ላመጣው እችል ነበር» አላት። እሷም አየችን። እውነቱን ነው። አባዬ ያን ጊዜ ማን እንደጻፈው በምን ይታወቃል ሲል እኮ ስቄበታለሁ።

ምንጩ ለባሪዮላ ተወሰነለት። የአጥሩ ሽቦ በአራተኛው ቀን ቆመ። ለመንደሩ ሁሉንም ተናግሬያለሁ፤ ደብዳቤሽንም አልደበቅኩም። የተቆጣ የለም። ሁላችንም እሳቱን ከበን ቆመን ነበርና ማን በማን ይቆጣል? አክስታችን ኤውፌሚያ ብቻ ከቤቷ አልወጣ ብላለች። ኒካኖር ቤተሰቡን ይዞ ወደ አውራጃው ከተማ ወርዷል፤ ሌሎችም እያሰቡ ነው። የተጠመቀውን ጠላ ማንም ሳይጠጣው ደፋነው።

አሁን ወደ ወረቀቱ ልምጣ። ከችሎቱ ስመለስ ታብሌቱን አጥፍቼ ላስቀምጠው ከፍቼ ነበር። ከታተሙት ገጾች ኋላ፣ እኔ ገልጬው የማላውቀው ቦታ፣ አንድ ያልተለወጠ ገጽ አለ። ምልክቷ አልተነካችም። የአባዬ እጅ ነው፤ ጅራታም ፊደሉ ሳይቀር። ከላይ «ለልጄ ለዴልፊና» ይላል።

የዴልፊናን ገጽ ላክላት ሲለኝ ይህንን ነበር የሚለው። እኔ ደግሞ የታተሙትን ብቻ ቆጥሬ ልኬያለሁ እለው ነበር። ሊሞት ሁለት ቀን ሲቀረው ጠየቀኝ፤ «ልኬያለሁ አባዬ» አልኩት፤ «ጎሽ» አለኝ።

ላንቺ የተጻፈ ስለሆነ አላነበብኩትም ልልሽ ነበር። ከእንግዲህ ግን አልዋሽሽም፤ አንብቤዋለሁ። ስለ እኔ ያለውም ልክ ነው። ኮረብታው ላይ ወጥቼ ልልክልሽ ስል እጄ ስቶ ምልክቷን እንዳይነካት ፈራሁ። ስለዚህ ታብሌቱን እንዳለ በማክሲሞ እጅ ልኬልሻለሁ።

ኤሎይ


ሊማ፣ ጥቅምት 24

ወንድሜ ኤሎይ፣

ደርሶኛል። ማክሲሞ እንደ መጀመሪያው ጊዜ በብርድ ልብስ ጠቅልሎ ነው ያመጣው። እዚያው ተርሚናሉ ውስጥ፣ ኬሻ ላይ ተቀምጬ ከፈትኩት።

አንተ አንድ ጊዜ ነው ያነበብከው፤ ከዚያ ወደ እኔ ሰደድከው። ስለዚህ አንተም ዘንድ እንዲቀር በእጄ ልገልብጥልህ፦

«ልጄ ዴልፊና፣ ኤሎይ ደብዳቤሽን ለጉባኤው ሲያነብ ሰማሁት። ሰው አጨበጨበ። በሰው ፊት ልጄን ማሳፈር ስላልወደድኩ ያን ጊዜ ዝም አልኩ፤ ለብቻሽ እጽፍልሻለሁ። አንቺ ዚፕ ታውቂያለሽ፣ እኔ ደግሞ መዝገብ አውቃለሁ። ይህ ማሽን የተባለውን ይይዛል፤ ማን እንዳለው ግን አይዝም። ሽማግሌው ባሪዮላ ሲፈርም የስምንት ዓመት ልጅ ሆኜ በር ላይ ቆሜ አይቻለሁ። እጁ ከብዶት ቀለም አንጠበጠበ፤ ጠብታዋ ዛሬም ገጹ ላይ አለች። የአባቴ አሻራ ከጎኗ ነው። ይህንን ማሽኑ አያውቀውም። እኔ ምናልባት አልቆይም። መዝገቦቹን መጥተሽ ራስሽ ውሰጃቸውና ለጠበቃዋ በእጇ ስጫት። ለኤሎይ አደራ አልሰጠሁትም፤ ልቡ ደግ ነው፣ ግን ሰውን እምቢ ማለት አይችልም። ይህችን ገጽ አልለወጥኳትም። እጄን አይተሽ እኔ መሆኔን እንድታውቂ ብዬ ነው። አባትሽ ሳቢኖ።»

ለኢርማ አሳየኋት። መነጽሯን አውልቃ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። «ይግባኝ ይጠቅመን ይሆን?» አልኳት። የአንድ ሽማግሌ ምክር እንጂ የባሪዮላ ፊርማ አይደለም አለችኝ። እኔም አውቄው ነው የጠየቅኳት።

ለእኔ በእጁ የጻፈውን፣ እኔ እንዳምነው ብሎ ነው ሳይለውጠው የተወው። ያን ጊዜ ደርሶኝ ቢሆን አምነው ነበር ኤሎይ። ዚፑን ጥዬ በዚያው ሳምንት እመጣ ነበር።

ነፍሳት ወደ ቤታቸው ለማዕድ የሚመለሱበት የሙታን ቀን ደረሰ። ለአባዬ የመጀመሪያው ነው፤ መምጣት አልቻልኩም፤ አለቃዬ አሁንም ያው ነው። ጠረጴዛውን አሳምረህ አቅርብለት። ከሩቅ ነው የሚመጣው፤ ውኃውን አትርሳ። ደግሞ ከእንግዲህ በወረቀት ጻፍልኝ።

እህትህ ዴልፊና


ዋይያፓታ፣ ኅዳር 4

እቴ ዴልፊና፣

እንዳልሽው አድርገናል። ጥቁሩን ጨርቅ ዘርግተን ፎቶውን መሀል አቆምነው። በሕፃን አምሳል የተጋገረ ዳቦ፣ የበቆሎ ቆሎ፣ የሚወደውን የባቄላ ሾርባ፣ ጠላ አቀረብን። አንቺ የገለበጥሽውንም ገጽ አጥፌ ከፎቶው ሥር አኖርኩት። አክስታችን ኤውፌሚያ ሽቦው ከቆመ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ከቤቷ ወጣች። ከጠረጴዛው ርቃ በሩ አጠገብ ተቀመጠች፤ ቅረቢ ብላትም እምቢ አለች።

ውኃው ከየት ነው ላልሽኝ፣ የምንጩ አይደለም። በሽቦው ሥር ሾልኬ አንድ ብርጭቆ ልቀዳለት ፈልጌ ነበር፤ ዘበኛው የኒካኖር አማች ነው፣ ያ መለከት ነፊው። «ኤሎይ፣ እንጀራዬን አትንጠቀኝ» አለኝ። ተመለስኩ። እኛ የምንጠጣው ከታች ከወንዙ ነው፤ ደርሶ መልስ ሦስት ሰዓት ይፈጃል፤ ዝናቡ ከጀመረ ወዲህ ደግሞ ጭቃ ነው። ጭቃ ለሙት አይቀርብም። ስለዚህ ማክሲሞ ከከተማ አንድ ጠርሙስ የሱቅ ውኃ አመጣልኝ። ማኅተሙን ከፍቼ በአባዬ ብርጭቆ ሞልቼ አቀረብኩለት።

ጠዋት አክስታችን ተነሥታ ጠረጴዛውን አየች። ዳቦው ተቀምሷል አለች። ጠላውም ጎድሏል አለች። ብርጭቆውን አንሥታ ወደ በሩ ብርሃን ይዛ አየችው፤ እስከ አፉ ሞልቷል።

«ወንድሜ አልጠጣውም» አለች።

ወንድምሽ ኤሎይ